ካታንጋን ካየ ሰው ጋር ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ

ከፌደራል ዌይ መነሻ

በሰኔ መግቢያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፌደራል ዌይ ተነሣን። ሦስት ነን፦ የልጅ ልጄ ሳሮን፣ አሥር አለቃ ጉደታና እኔ። ሳሮን ለኮሌጅ ትምህርቷ ስለ ካታንጋ ታሪክ አጭር ቪዲዮ እየሠራች ነው። ካታንጋ በኮንጎ ደቡብ ጫፍ ያለች፣ መዳብ፣ ኮባልትና ዩራኒየም የሞላባት ግዛት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚያ የወጣው ዩራኒየም እዚሁ እኛ ስቴት ድረስ መጥቶ፣ ከተራሮቹ ማዶ ሃንፎርድ በሚባል ቦታ ለአቶም ቦምብ ሥራ ውሏል። ሳሮን ቪዲዮውን እዚያ፣ ወንዙ ዳር ልትቀርጸው ፈለገች። መምህሯ በቪዲዮው ላይ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ እንዲናገር አዝዘዋል። አንድ ብቻ። የተመረጠው ሽማግሌ እኔ አይደለሁም።

ቀንቻለሁ። ሰው ሲያረጅ ቅናት ይተወዋል የሚሉ ሰዎች ገና አላረጁም። የተነሣሁትም በግልጽ ለመናገር ያቺን አንድ ቦታ ለማስመለስ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። እኔ ስንሻው ከስድስተኛ ክፍል በኋላ መምህር ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ያወቅሁትን ሁሉ በራሴ ጥረት ነው ያወቅሁት። ካፒቶል ሂል ላይ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መውጫ፣ በመስታወት ዳስ ውስጥ ሒሳብ እየተቀበልኩ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። ከእኔ በፊት የነበረውም ከእኔ በኋላ የመጣውም እዚያ ዳስ ውስጥ እግር ኳስ ነው ያዩበት። እኔ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አነብ ነበር። አንድ ቀን ኮንጎአዊው የሥራ ባልደረባዬ ስልኬን እያገላበጠ፣ በውስጡ ያለው ማዕድን ከእናቱ መንደር የወጣ ሳይሆን እንደማይቀር አጫወተኝ። መንደሩ ካታንጋ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ካታንጋ የተጻፈ ነገር ሲያመልጠኝ አልወድም። በዚህ ከተማ ካለን ሐበሾች መካከል ስለ ካታንጋ ከእኔ የበለጠ ያነበበ ካለ ይምጣ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አልመጣም።

የመጡት አሥር አለቃ ጉደታ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አላነበቡም። በወጣትነታቸው ሰማያዊ ቆብ ለብሰው ከሰላም አስከባሪው ጦር ጋር ወደ ኮንጎ ዘምተው፣ አንድ ዓመት ያህል ካታንጋ ውስጥ ኖረዋል። ሳሮን ያገኘቻቸው በአረጋውያን ምሳ ላይ ሳህን ስታነሣ ነው። "ካታንጋ ነበርኩ" አሏት፤ በቃ። "አንብቤያለሁ" የሚል ሰው "ነበርኩ" ከሚል ሰው ፊት ምን ዋጋ አለው? ልጅቷን ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ሳመላልሳት ካታንጋ የምትባል አገር መኖሯን የነገርኳት እኔ ነበርኩ። አሁን ግን "አባባ ጉደታ እንዲህ አሉኝ፣ አባባ ጉደታ እንዲያ አሉኝ" ሆነ። በቤታችን አባባ የሚባለው እኔ ነኝ።

መኪናው በር ላይ የወንበር ጉዳይ መጣ። አሥር አለቃ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ከፊት ይቀመጡ አልኩ። የልጅዎ መኪና ነው፣ እርስዎ ይቅደሙ አሉ። በሞቴ አልኩ። አይሆንም፣ እኔ ልሙት አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ክንዳቸውን ይዤ ስገፋቸው ገቡ። ሳሮን መሪው ላይ ሆና ምን እንደምንጠብቅ አልገባትም፤ "ጋይስ፣ ሌት እየሆንን ነው" አለች። እኔም ከኋላ ገብቼ የካሜራው ማቆሚያ ጎኔን እየወጋኝ ጉዞ ጀመርን።

ተራራው ላይ

በአሥራ ስምንት ቁጥር መንገድ ወጥተን ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን ዘጠና ቁጥርን ያዝን። ከስኖኳልሚ በላይ ዝግባው ጥቅጥቅ ብሎ መንገዱን ከሁለት ወገን ይጫነዋል፤ ሰኔ ቢሆንም በጫፎቹ ላይ በረዶ ቀርቷል። ጭጋጉ ከፊታችን ያለውን ከባድ መኪና አንዴ ይውጠዋል፣ አንዴ ይተፋዋል። ከቤት የያዝኩትን ቆሎ ለሁሉም አዳረስኩ፤ አሥር አለቃ ጥርሳቸው ስለማይፈቅድ ኪሳቸው ከተቱት።

አቀበቱ ሲጀምር እኔም ታሪኩን ጀመርኩ። አውሮፓዊ ያንን አገር ከመርገጡ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ፣ የካታንጋ ሰዎች አረንጓዴውን ድንጋይ ቆፍረው ያወጡ ነበር። በበጋ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ከኩይሳ አፈር ምድጃ ሠርተው በወናፍ እያናፉ ያቀልጡታል። ቀልጦ የወረደውን መዳብ በመስቀል ቅርጽ ያፈሱታል። ከክርስትና ጋር ግንኙነት የለውም፤ ገንዘብ ነው። ይገበዩበታል፣ ጥሎሽ ይሰጡበታል፣ ከሟች ጋርም ይቀብሩታል። ይህን ስናገር ድምፄን እንደ መምህር ከፍ ዝቅ አደረግሁ፤ ጥሩ ነበር።

አሥር አለቃ ወደ ኋላ ዞር አሉ። "ኩይሳ ነው ያሉት?"

አዎ አልኩ።

እዚያ ያለው ኩይሳ ከሰው ቁመት ይበልጣል አሉ። አንድ ጓዳቸው አመሻሽ ላይ ዘብ ቆሞ ሳለ አንዱን ኩይሳ "ቁም! ማነህ?" አለው። ኩይሳው አልመለሰም። ሁለተኛ ጠየቀው፤ ዝም። በሦስተኛው ተኮሰበት። ጦሩ በሙሉ ጫማውን ሳያስር ከድንኳን ወጣ። በማግሥቱ አዛዡ ያንን ወታደር ኩይሳው ፊት አቁመው ይቅርታ አስጠየቁት።

ሳሮን መሪውን እየመታች ሳቀች። ያንን ወንዙ ዳር ይደግሙልኛል፣ ሪከርድ አደርገዋለሁ አለቻቸው። ለእሳቸው "እርስዎ" ትላለች፤ ለእኔ "አንተ"። የእኔ ምድጃ፣ ወናፌና መስቀሌ ጭጋጉ ውስጥ ቀሩ።

አልተሸነፍኩም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ስለ አንድ የካታንጋ ንጉሥ ነገርኳት። ከምሥራቅ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ነግዶ ነግዶ ከባላባቶቹ ጋር ተጋብቶ ነገሠ። መዳብና የዝሆን ጥርስ ሸጠ፤ ባሪያም ሸጠ፣ እሱን አላድበሰብስም። ነጮች ባንዲራቸውን ይዘው ገብርልን ሲሉት እምቢ አለ፤ በጥይት ገደሉት። ከዚያ ወዲያ ባቡር መጣ፣ ኩባንያ መጣ፣ ጭስ ማውጫ ቆመ። ሳሮን "ኢንተረስቲንግ" አለች። ይህ ቃል በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ኤለንስበርግ

ከተራራው ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ዝግባው አልቆ ሜዳ ተዘረጋ፤ የታሰረ ድርቆሽ እንደ ግንብ ተቆልሏል፤ ነፋሱ ዛፎቹን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጉብጧቸዋል። የሳሮን መኪና የኤሌክትሪክ ስለሆነች እዚህ ቻርጅ መደረግ ነበረባት። ሽቦውን ስትሰካ አጠገቧ ቆሜ፣ እግራችን ሥር ባለው ባትሪ ውስጥ ኮባልት እንዳለ፣ ከዓለም ኮባልት አብዛኛው ደግሞ ዛሬም ከዚያው ከካታንጋ ምድር እንደሚወጣ አስረዳኋት። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ካታንጋ ላይ ተቀምጠን ነው የመጣነው አልኳት። ይህቺን ወደደቻት፤ ስልኳ ላይ ጻፈቻት። ቀኑ ተቃና አልኩ።

ማዶ ካለው በርገር ቤት ገባን። ሳሮን አሥር አለቃን ምን ልዘዝልዎ አለቻቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።"

"ኦኬ" አለችና ሁለት በርገርና አንድ ድንች ጥብስ አዘዘች፤ ሠላሳ አንድ ዶላር ሆነ። አሥር አለቃ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። እንደ ወጋችን አንድ ጊዜ እምቢ ብለዋል፤ ሁለተኛ መለመን፣ በሦስተኛው ደግሞ "እንግዲህ አንቺ ካልሽ" ብለው መብላት ነበረባቸው። ልጅቷ እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እምቢ ማለት እምቢ ማለት ይመስላታል። ሰውየው እንደራባቸው ከዓይናቸው አየሁ። ድንቹን አንድ በአንድ ሲከተሉ ነበር። አንድ ቃል ከእኔ ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ትንሽ ቢራበው ምን አለ ብዬ በርገሬን በላሁ።

ስንጨርስ ሳሮን ፎቶውን ለአባባ ያሳዩት አለቻቸው። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ፎቶ አወጡ። ቀጭን ወጣት ወታደር ጥቁር ተራራ ጫፍ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከኋላው ረጅም ጭስ ማውጫ ይታያል። ኤልዛቤትቪል ነው አሉ፣ የካታንጋ ዋና ከተማ። ተራራውን አንድ እሑድ ለብቻቸው ወጡት። ሣር የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፤ ድንጋዩ እንደ መስታወት እየቆረጠ የጫማቸውን ሶል ጨረሰው። ከዘመቻው ሁሉ ለልጆቻቸው የተረኩት ይህንን ነው፤ አባታችሁ የካታንጋን ተራራ የወጣ ሰው ነው እያሉ።

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ያንን ጭስ ማውጫና ያንን ክምር በስንት መጽሐፍ ላይ አይቻቸዋለሁ። ጊዜው ደረሰ አልኩ በሆዴ።

"አሥር አለቃ፣ ይህ ተራራ አይደለም።"

"እንዴት?"

መዳቡ ቀልጦ ከወጣ በኋላ የተደፋ አተላ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፋብሪካው በየቀኑ እያወጣ ሲደፋው፣ ሲደፋው እንዲያ አደገ። እግዚአብሔር የፈጠረው አይደለም፤ ኩባንያ የጣለው ቆሻሻ ነው። ከተማዋም ዛሬ ሉቡምባሺ እንደምትባል ጨመርኩበት።

ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ፎቶውን ተቀብለው ራቅ አድርገው፣ ከዚያ ቀረብ አድርገው አዩት። "ስልሳ ዓመት ሙሉ ተራራ ነው ስል" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንድ ሰው እንኳ አላረመኝም።" ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ሳሮን ወደ እኔ ዞራ "ዋይ፣ አባባ? ለምን?" አለች። አሸንፌ ነበር፤ ድሉን የምበላበት ጥርስ ግን አጣሁ።

ወደ ወንዙ

ከኤለንስበርግ ወዲያ መንገዱ ወደ ቫንቴጅ ይወርዳል። ጥቁር ድንጋዮች እንደ ተደረደረ ምሰሶ ከገደሉ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ኮሎምቢያ ወንዝ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ድልድዩን ተሻግረን ወንዙን ተከትለን ወደ ደቡብ ወረድን። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ውኃ የደረሰበት ቦታ ብቻ እንደ ተቀባ ጨርቅ አረንጓዴ ነው፦ ወይን፣ ፖም፣ ቼሪ። ማታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ከመንገድ ዳር ከአንዲት ሜክሲኳዊት ሴት አንድ ከረጢት ቼሪ በስድስት ዶላር ገዛሁ። ከረጢቱ አሥር አለቃ ጭን ላይ ተቀመጠ። ማንም ብሉ ሳይላቸው፣ ማንንም እምቢ ሳይሉ፣ በመስኮት እያዩ አንድ አንድ ያነሡ ጀመር። ሌላው ድልድይ ጋ ስንደርስ ከረጢቱ ተጋምሷል። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

መኪናው ውስጥ ታሪኩን ቀጠልኩ፤ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ኮንጎ ነጻ በወጣች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካታንጋ ተገነጠልኩ አለች፤ ከኋላዋ የማዕድኑ ገንዘብ ነበር። አሥር አለቃን የመሳሰሉ ወጣቶች የተላኩት ያንን ጠብ ለማብረድ ነው። ግንጠላው ከከሸፈ ዓመታት በኋላ ስሟን ሻባ ብለው ለወጡት፤ ሻባ በስዋሂሊ መዳብ ማለት ነው። አገርን በዕቃዋ ስም መጥራት ሰውን በኪሱ ስም እንደ መጥራት ነው። ኋላ ካታንጋ የሚለው ተመለሰ፤ ከዚያም ግዛቲቱን ለአራት ቆራረጧት።

አሥር አለቃ ለምን እንደ ተላኩ በጊዜው ማንም እንዳልነገራቸው ተናገሩ። ያንን መንገድ ጠብቁ ተባሉ፤ ጠበቁ። በመንገዱ ምን እንደሚያልፍ አልጠየቁም።

ወንዙ ዳር

የሃንፎርዱን ሕንፃ በአውቶቡስ እየወሰዱ የሚያስጎበኙ ነበሩ፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ግን ለጥገና ተዘግቷል። ሳሮን ይህን አስቀድማ ስላወቀች፣ ከወንዙ ወዲህ ሆነን የምናይበትን ቦታ መርጣለች። ቨርኒታ የሚባለውን ድልድይ ሳንሻገር አለፍ ብለን መኪናውን ከጠጠሩ ላይ ፓርክ አደረገች። ነፋሱ የደረቀ ቁጥቋጦ ሽታ ይዞ ይመጣል። ነጫጭ ወፎች ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ከወንዙ ማዶ፣ በጠፍጣፋው ሜዳ ላይ፣ መስኮት የሌላቸው ግራጫ ሕንፃዎች ተራርቀው ቆመዋል። ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ያ ከካታንጋ የመጣ ድንጋይ ነጥሮ፣ ብረት ሆኖ የገባበት።

የማውቀው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ሺንኮሎብዌ የምትባለዋ የካታንጋ ጉድጓድ በዓለም ላይ አቻ የሌለው ዩራኒየም የወጣባት ናት። ቆፋሪዎቹ ምን እንደሚቆፍሩ አልተነገራቸውም። እዚህም የነበሩ ገበሬዎችና ነባር ሕዝቦች በአጭር ጊዜ ልቀቁ ተብለው ከወንዙ ዳር ሲነሡ ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ፋብሪካው ውስጥ የሠሩት ብዙዎቹም ቦምቡ እስኪፈነዳ ምን እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ የሚጠይቀኝ የለም።

ሳሮን ካሜራዋን አቁማ አሥር አለቃን ወንዙን ከጀርባቸው አድርገው እንዲቆሙ አደረገች። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ሊናገሩ ሲሉ ወታደር ሆኑ፤ እግራቸው ተገጣጠመ። ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውን፣ የዘመቱበትን አገር ተናገሩ። ኩይሳውን ደገሙት፤ ሳሮን ግን እንደ ጠዋቱ አልሳቀችም፤ እሳቸውም አላሣቁም። ከዚያ ፎቶውን አወጡ።

"ይህ እኔ ነኝ። ተራራ ላይ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ወንድሜ ስንሻው ከአገሩ ሆድ የወጣው ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀረው አተላ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ እዚያ ቆሜ የማላውቀውን እሱ ሳያይ ያውቃል። ቀናሁበት። የቀረውን እሱን ጠይቂው፣ ልጄ።"

ቀናሁበት አሉ፤ ካሜራ ፊት። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የበላኝን ነገር፣ እሳቸው እንደ ሰላምታ ቀለል አድርገው ተናገሩት። በዚህም ቀናሁ።

ሳሮን ካሜራውን አጠፋችው። "ባት አባባን ጠይቄዋለሁ" አለች። "ፈርስት የጠየቅሁት እሱን ነው። ኖ አለኝ።"

"መቼ?" አልኩ። ደሜ ፈላ።

"ኪችን ውስጥ፣ አባባ። ቪዲዮ ላይ ትናገርልኛለህ ወይ ስልህ፣ 'ተይኝ ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ' አልከኝ። ሶ ፈለግሁ።"

ትዝ አለኝ። ብያለሁ። ታዲያ ምን ልበል? ሰው ሲጠይቁት ዘሎ እሺ ይላል? መጀመሪያ አርጅቻለሁ፣ በሁለተኛው ፋታ የለኝም፣ በሦስተኛው ደግሞ እንግዲህ አንቺ ካልሽ ይባላል። ሁለተኛውን ስጠብቅ ነበር። በተከታዩ ቅዳሜ እንዲያውም ሱፌን ለብሼ ሳሎን ተቀምጬ ዋልኩ፤ እሷ አሥር አለቃ ቤት ነበረች። ከፌደራል ዌይ ስንነሣ ወንበሩን ሦስት ጊዜ የተገፋፋነው፣ ኤለንስበርግ ላይ ሰውየው በረሃብ ድንች የቆጠሩት፣ የእኔም ቦታ የተወሰደው በአንድ ነገር ነው። ወጉን እኛ እናውቀዋለን፤ ለልጅቷ ግን ያስተማራት የለም። የመዳብ መስቀል አስተምሬያታለሁ፤ ይህን ግን ማስተማር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

አሥር አለቃ ነገሩ ሲገባቸው ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። "እኔን ስትጠይቀኝ ወዲያው አቤት አልኩ" አሉ። "ጦር ሠራዊት ውስጥ ሁለተኛ ጥያቄ የለም።"

"ለምግብም እንደዚያው ቢሆኑ ኖሮ በርገሩን ይበሉ ነበር" አልኳቸው።

"አይተው ነው ዝም ያሉት?"

"አይቼ ነው።"

"ክፉ ሰው" አሉ እየሳቁ፤ ክንዴን ያዙኝ።

ሳሮን ሁለታችንንም ተመለከተች። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ እያመጣባት፣ "አባባ፣ ቪዲዮው ላይ ትናገራለህ?" አለችኝ።

አፌ የለመደውን ሊል ተከፈተ። አርጅቻለሁ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሷል። "እሺ" አልኩ።

አሥር አለቃ ፎቶውን ሰጡኝ። ጎን ለጎን ቆምን። ከኩይሳው ምድጃ ጀምሬ እስከ ኮባልቱ ድረስ የምናገረው ንግግር ለዓመታት ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ቀይዋ መብራት ስትበራ ከሁሉ የወጣው ትንሹ ነው። ፎቶውን አንሥቼ፣ ካታንጋ ውስጥ መዳቡ ሄዶ አተላው ቀርቷል አልኩ። በእጄ ወደ ማዶ አመልክቼ፣ እዚህም ድንጋዩ መጥቶ ሥራውን ሠርቶ ሄዷል፣ የቀረው ማንም የማይቀርበው ነው አልኩ። በሁለቱም ቦታ የቆሙት ሰዎች ምን ላይ እንደቆሙ የነገራቸው የለም። እኔም ያወቅሁት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ነው አልኩ። ይህቺን የመጨረሻዋን ሳሮን እንዳትቆርጣት አስጠንቅቄያታለሁ።

መመለሻ

መምህሯ አንድ ሽማግሌ ብለዋል፣ ሁለት ከሆነ ምን ይሉሻል ብዬ ጠየቅኋት። ኢሜይል አደርጋቸዋለሁ፣ እምቢ ካሉ ደግሜ እጠይቃለሁ አለች። ቶሎ ተማረች፤ የእኔ ልጅ ናት። ኤለንስበርግ ላይ እንደገና ቻርጅ አደረግን። አሥር አለቃ ከፊት ወንበር አንቀላፉ፤ ባዶው የቼሪ ከረጢት ጭናቸው ላይ ነው። ተራራውን ስንወርድ ዝናብ ጀመረን፤ ፌደራል ዌይ ስንደርስ መሸት ብሏል።

ልጄ ሂሩት፣ የሳሮን እናት፣ ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራዋ ተመልሳ ራት ሠርታ ትጠብቀናለች። የአሥር አለቃ አፓርታማ ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ ነው። ልጆቻቸው ሚኒሶታ ስለሆኑ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳሮን ቤታችን በር ላይ መኪናውን አቆመችና ገብተው ራት ይበሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ። ውለሽ ግቢ።"

"ኦኬ" አለች፤ ወደ ቤታቸው ልታደርሳቸው መሪውን አዞረች።

ከኋላ ወንበር ሆኜ የሆነውን ሁሉ አየሁ። አሥር አለቃ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ዝም ብል ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ራቴን ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ለብቻዬ እበላለሁ፤ አባባ የሚባለውም አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንዲት የመሪ መዞር አሰብኩት።

"ሳሮን" አልኩ። "ድገሚው።"

ደገመችው። ኧረ በጣም መሽቷል፣ እናትሽ ደክሟታል አሉ። "አሁንም" አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀቻቸው። አሥር አለቃ ቀበቷቸውን ፈቱ።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አሉ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ብጠየቅ፣ ካታንጋ ላይ የሚያርመኝ ሰው እስካሁን እንዳልተወለደ ማረጋገጤን እናገራለሁ፤ ስለ ራት ደግሞ ሂሩት ትናገር። ገብቼ ስቀመጥ፣ አባዬ ራት ይቅረብልህ ወይ አለችኝ። "አዎ" አልኳት፤ በመጀመሪያው። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ ለካች። ከዚያ እንግዳውን ልታስቀምጥ ዞር ዞር ስትል የራሷ ወንበር እንጂ ሌላ አላገኘችም። አሥር አለቃ በሩ አጠገብ ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል። ግድግዳውን ተደግፌ የምቀመጥባት ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

"ኖር" ብዬ ተነሣሁላቸው።

"በእግዜር" አሉና አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ሳይሉ ተቀመጡባት።